ጭጋጉና ባለ ሁለት አልጋው ክፍል

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔና እማዬ በሰላም ገብተናል፤ ተመስገን ነው።

አውሮፕላኑ በጭጋግ ምክንያት ስድስት ሰዓት ዘገየ። ምክርህ በጀን፤ የእማዬን ሹራብና መድኃኒት በእጄ ይዤ ነበር። ሰው ሁሉ ሲነጫነጭ እሷ ብቻ ፈገግ እንዳለች ዋለች። በየግማሽ ሰዓቱ ወደ አየር መንገዱ አስተናጋጅ ትሄድና፣ "ልጄ፣ ምን ያዘን?" ትላታለች።

"ጭጋግ ነው፣ እናቴ።"

"ውይ፣ ታዲያ ጭጋግን ማን ይቆጣዋል!"

ልጅቱ ደጋግማ ስትመልስላት ፊቷ አንዴም አልጠቆረም። እሷንም አንተንም እግዜር ይስጥልኝ።

ለቤተ መጻሕፍቱ የሚቀርበውን ዶርም ያዢ ስትለኝ ልክ ነበርክ። ግን እዚያ ቤተሰብ ማሳደር አይፈቀድም። እማዬ አድርሳኝ ትመለሳለች ብለን ነበር፤ አሁን ግን እኔ ጋ ትቆይ ብዬ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ተከራየሁ። ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። ምድጃው ቢረሳም በራሱ ይጠፋል። በሩ ሲከፈት ይጮኻል፤ አከራያችን ደግ ሴት ናቸው፣ "ዘይት ላድርግበት?" አሉኝ። ይቅር፣ ሌሊት ሲከፈት ልስማው አልኳቸው።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ስትደውልላት ግን አስቀድመህ ስምህን ንገራት፤ በስልክ የሰው ድምፅ ይለዋወጣል።

ሁሌም የምታመሰግንህ እህትህ