ነፍስ የለውም የተባለው ምስልሽ

እማ፣ እንዴት ሰነበትሽ ልልሽ ነበር። ለሞተ ሰው እንዲህ እንደማይባል አውቃለሁ፤ እጄ ግን ከልማዱ የተነሣ ሊጽፈው ምንም አልቀረውም። ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። አባዬ ለሙት ዓመትሽ ጠላ የምትጠምቅ ሴት እያፈላለገ ነው።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልሽ እዋሻለሁ። አባዬ ሳሎኑን ሰማያዊ አስቀብቶታል፤ አንቺ ብትኖሪ ዕድሜ ልኬን የሠራሁበትን የሆስፒታል ዋርድ አስመሰልኸው ብለሽ በማግስቱ ታስለውጪው ነበር። ሽሮ መሥራትም ለምዷል። ለምዷል ስልሽ ማሳረር ቀንሷል ማለቴ ነው። ነርስ ጓደኞችሽ እሑድ እሑድ ብቅ ይላሉ፤ ስለ አንቺ ይጀምሩና ስለ ሌሊት ተረኛ ሲነታረኩ አምሽተው ይሄዳሉ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ምስልሽ ነው። ለሥዕል ትምህርቴ የመመረቂያ ሥራ እንዲሆነኝ መስኮቱ ሥር አስቀምጬ የሣልሁሽ። ታምመሽ ስለነበር እንዳትደክሚ ብዬ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ ነበር የምሠራው፤ አንቺ ግን ተነሺ ስልሽም አትነሺም ነበር። አፍንጫሽን ማሳጠሬን አይተሽ፣ በነጻ ቀዶ ጥገና አደረግሽልኝ ብለሽ አሾፍሽብኝ። እጅሽን ሳሳይሽ ደግሞ፣ ይሄ የእመቤት እጅ ነው፣ የኔ አውራ ጣት መርፌ ሲገፋ ስለኖረ እንዲህ ይጎብጣል ብለሽ ዘርግተሽ አሳየሽኝ። ደመሰስሁና እንደገና ሣልሁት። እጁ ያንቺ ሆነ። ከዚያ በፋሲካ ማግስት ሄድሽ።

አልቅሰን ስናበቃ ምስሉን አስረከብሁ። መምህሩ መለሰልኝ። በቀይ ማርከር፣ ወረቀት ላይ እንኳ አይደለም፣ እምስሉ ላይ፣ የነጠላሽ ጥለት አጠገብ "ነፍስ የለውም። ይደገም።" ብሎ ጽፎበታል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። በኋላ ስጠይቅ የክፍላችን ሥራ በሙሉ ነፍስ የለውም። በቅሎ የሣለው ልጅ ነፍስ የለውም ተብሏል። ባልዲ የሣለችውም ነፍስ የለውም ተብላለች። እማ፣ የባልዲ ነፍስ የቱ ጋ ነው የሚገኘው? መያዣው ላይ ይሆን?

ምኑን እንደማስተካክል ልጠይቀው ቢሮው ሄድሁ። ዓይኗ ነው? እጇ ነው? ብርሃኑ የገባበት ነው? አልሁት። በግንቦት ሙቀት አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ሻርፕ አስተካከለና፣ "ጥበብ አይነገርም፣ ይሰማል" አለኝ። የማይነገር ከሆነ ታዲያ እሱ በየወሩ ደመወዝ የሚበላው ምን እየነገረ ነው? ይህን ያልሁት በልቤ ነው። ወዲያው ስልኩ ጮኸና በእስክሪብቶው ወደ በሩ አመለከተኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ እስከ ሰፈራችን ቁስቋም ድረስ አለቀስሁ። ካልደገምሁ አልመረቅም። አንቺን ደግሞ እንዴት አድርጌ ነው የምደግመው? እሱ ይጥራሽና መስኮቱ ሥር ያስቀምጥልኝ!

ቀዩን ጽሑፍ በነጭ ቀለም ሸፈንሁና ምስልሽን ሳሎን ሰቀልሁት። ከዚያ ሌላ ሸራ ወጠርሁና እሱን ሣልሁት። ከነሻርፑ፣ ከነእስክሪብቶው። ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ትዝ ይልሻል? ትንሽ ልጅ ሳለሁ ቅዳሴ መሐል፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ወታደሮች ሌላው ዓይናቸው የት ሄደ ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅሁሽ። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ክፉ ሰው ግን በጎን በአንድ ዓይኑ ነው ብለሽ ሹክ አልሽኝና ዝም እንድል ክንዴን ቆነጠጥሽኝ። ጎንደር ያደግን ልጆች ይህን የተማርነው በቁንጥጫ ነው።

ወንድምሽ አያ ሙላት ከኮላ ድባ ጤፍ ይዞልን መጥቶ ሸራውን ሲያይ ክው አለ። "ምነው ልጄ፣ ይህ ሰው ምን በደለሽ?" አለኝ። የእኅትህን ምስል ነፍስ የለውም አለኝ አልሁት። ጥቂት አሰበና፣ "እንግዲያስ ሸጋ አርገሽ ሥለሽዋል፤ ቀንድ ብቻ ነው የቀረው" አለ።

መምህሩ ግን ሳስረክበው ሸራው ፊት ቆሞ ብዙ ቆየ። እንባ እንባ አለው። "አሁን ገባሽ፤ ይሄ ነፍስ አለው" አለኝ። ሙሉ ውጤት ሰጠኝ፤ ለምኖም ወሰደና ከወንበሩ በላይ ሰቀለው። ይህን ሁሉ ዓመት ጎንደር ሲኖር አንድ ቀን ቀና ብሎ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አላየም፤ ሥዕል አስተማሪ ነው እኮ! ስለ ውጤታቸው ሊከራከሩ የሚገቡ ተማሪዎች ቀና ይሉና አፋቸውን ይዘው ይወጣሉ። ቢሮውን የምታጸዳው ሴትዮ እያማተበች ነው አሉ የምትወለውለው። እሱ አድናቆት ይመስለዋል።

ተመረቅሁ። አንድ ሰሞን ስስቅ ከረምሁ፤ ከዚያ ሳቁ አለቀ። ሰውየው ሲነቅፈኝም ሲያደንቀኝም የሰጠኝ ያንኑ ባዶ ቃል ነው። ቃሉ ግን ውስጤ ቀረ፣ እማ። እንዲህ የምንቀው ሰው ቃል እንዴት ሊጣበቅብኝ እንደቻለ አላውቅም። ምስልሽ ፊት እየቆምሁ፣ እውነቱን ቢሆንስ እላለሁ። ፈገግታሽን አበላሽቼው ይሆን? ድካምሽን ደብቄው ይሆን? ጣትሽን ዘርግተሽ አታሳዪኝም። ስሕተቴን ልትነግረኝ የምትችለው ሞታ፣ የማይችለው ሻርፑን ጠምጥሞ ይኖራል። ይህን ሳስብ ነው የሚያቃጥለኝ።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ስንበላ አባዬ ሽሮውን ቀመሰና ፊቱን ቅጭም አደረገ። ደም ግፊቱ ከታወቀ ጀምሮ ጨው የከለከልሽው አንቺ ነሽ። የጨው ዕቃው እጁ አጠገብ ነበር። ሊያነሣው ሲል ቀና ብሎ ምስልሽን አየ። እጁን መለሰ። ትንሽ ቆይቶ የጨው ዕቃውን ኮቱ ሥር ሸጎጠና ሳህኑን ይዞ ጓዳ ገባ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ነሰነሰበት። ተመልሶ ሲቀመጥ ወደ አንቺ ሳያይ፣ አንገቱን ደፍቶ በላ። ያን የሚያህል ሽበታም ሰው!

ጉርሻዬን እንደያዝሁ ሳቅሁ፤ ለምን እንደምስቅ አልነገርሁትም። ካንቺ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

እማ፣ አልደግምሽም። እኔ እስካለሁ ድረስ ከዚያ ግድግዳ የሚያወርድሽ የለም። ጨዉንም ደብቄዋለሁ።

ልጅሽ