ገልብጬ የማነበው መጽሐፍህ

ይድረስ ለአካሌ፣ የካ ሚካኤል ግቢ ከጥዱ ሥር ለተኛኸው።

ሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር። እዚህ ግን ከአንተና ከእኔ በቀር ማንም የለምና፣ ጓዳችን እንደለመድነው አንተ ልበልህ። ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛውም ደመናውን ጠቅልሎ ሄደ፣ ጥቅምትም ገብቶ ወጣ። የምጽፍልህ ስለዚህ ስለ ጥቅምት ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። የጣራውን ሣር አስለውጬዋለሁ፤ አሁን አያፈስም። ጥቁሯ ላም ወለደች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት። ከደጃችን ወደ እንጦጦ ቀና ሲሉ ጥዱ ሳስቷል። ላይ ከተማው ቤት በቤት ሆኗልና ለማገሩም ለማገዶውም የሚቆረጠው ከእኛ ተራራ ነው። ብራና ትወጥርበት የነበረው ጥግ ላይ ጎመን ተክያለሁ፤ መወጠሪያ እንጨቱን ግን ከቦታው አላነሣሁትም። ከሌን አውልቄያለሁ። ጠጉሬም አድጓል፤ ሽበቱን ብታየው ትስቅብኝ ነበር።

ጥቅምት ሲጠባ ለራሴ አንድ ነገር ፈቀድሁ፤ በየቀኑ ከሥራ የማይቆጠር አንድ ትንሽ ነገር እንድሠራ። መጀመሪያ አፈርሁ። የሞተባት ሴት ደስ ሲላት ሰው ያየባታል፤ ሰው ባያይ እንኳ እሷ ራሷን ታያለች። አንድ ቀን እንስራ ሳልይዝ ወንዝ ወረድሁ። ጎረቤታችን ጫልቱ መንገድ ላይ አገኘችኝና “እንስራሽስ?” አለችኝ። ውኃውን ላይ ብቻ መምጣቴን ብነግራት “እብደት ሲጀምር እንዲህ ነው” ብላ ሳቀች። ከዚያ የራሷን እንስራ አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ፀሐይ እስክትበረታ አልተነሣንም። ሌላ ቀን ጭብጥ የምታህል ሙዳይ ሰፋሁ፤ ምን እንደሚገባባት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀለምም በጠበጥሁ። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቅሁ፣ ገብስ አሳርሬ ወቀጥሁ፣ አንተ ታደርግ እንደነበረው ውኃ ውስጥ አቆየሁት። የመጀመሪያው ቀጠነ፣ ሽታውም ከቤት አስወጣኝ። ሁለተኛው ግን ጠቆረ፤ ጣቴን ነክሬ ሳየው ያንተን ጣት መሰለኝ። ይህን የምጽፍልህ በዚያ ቀለም፣ ከተረፈህ ቅዳጅ ብራና ላይ ነው።

እንዴት ትጽፋለች ትል ይሆናል። የማታውቀውን ልንገርህ። ማንበብ እችላለሁ። ትናንት የጀመርሁት አይደለም፤ አንተ በሕይወት ሳለህ ነው።

ስትጽፍ የቀለሙን ቀንድ ይዤ ፊት ለፊትህ እቀመጥ ነበር። አንተ የጻፍኸውን ቃል ድምፅህን ከፍ አድርገህ ትደግመዋለህ፤ እኔ በዓይኔ እከተለዋለሁ። ፊደሉ ግን ወደ እኔ ሲመጣ እግሩ ወደ ሰማይ ነው። እንዲሁ እንደተገለበጠ ለየሁት፣ እንዲሁ ለመድሁት፤ መጻፉንም እጅህን እያየሁ ቀዳሁት። ቀና አድርገው ቢሰጡኝ ዛሬም ይደናገረኛል። ግዕዙንም ሁሉ አልረዳው፤ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ።

ታስታውስ እንደሆነ በተጋባን በሦስተኛው ዓመት፣ ከወንበርህ ማዶ ሆኜ አንዲት ቃል አነበብሁ። ሳቅህ። ክፋት አልነበረህም። “ሚስቴ ደብተራ ሊወጣት ነው” ብለህ ቆዳ ለሚፍቅልህ ለወልዴ ነገርኸው፤ እሱም እስከ ፋሲካ ድረስ “ደብተራይቱ” ሲለኝ ከረመ። ያን ቀን ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም ብዬ በልቤ ማልሁ። ዓይኔን ግን አልከለከልሁትም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ክረምት ነበር። የንስሐ አባታችን እንጦጦ ወጥተው ወንዙ ሞልቶ መመለሻ አጡ። አንተ በትኩሳት ተይዘህ በየማለዳው የምትደግመውን ጸሎት ጀመርህ። መካከሉ ላይ ስትደርስ ጠፋብህ። እንደገና ከራሱ ጀመርህ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆምህ። ቀትር እስኪሆን ድረስ እንዲሁ ነበርህ። “ማን ባነበበልኝ” አልህ። ወልዴ ፊደል አያውቅም፤ አንገቱን ደፋ። መጽሐፉ ከራስጌህ በማኅደሩ ተሰቅሎ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ቃል ግን ያለ መጽሐፍም አውቀው ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር። ወልዴ አጠገባችን ተቀምጧልና፣ ደግሞ መሣቂያ እንዳልሆን ፈርቼ፣ “አባ አሁን ይመጣሉ” ብዬህ ግንባርህን አበስሁ።

አባ የደረሱት ከሄድህ በኋላ ነው።

ለንስሐ አባቴ ይህን ነግሬያለሁ። ስገጂ አሉኝ፣ ሰገድሁ። ነገር ግን የበደልሁት አንተን ነውና ላንተ ሳልነግር አልቀልልኝ አለ። በጥቅምት መጽሐፍህን ከማኅደሩ አውጥቼ በየማለዳው ማንበብ የጀመርሁትም ለዚህ ነው። በሩን ዘግቼ፣ በሹክሹክታ። ከወሩ ደስታ ሁሉ የበለጠው እሱ ሆነብኝ፤ የበለጠ ያስለቀሰኝም እሱ ነው።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የሚኖሩት ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ታመሙ። ልጠይቃቸው ብገባ ወልዴ እንጨት አምጥቶላቸው እሳት ያነዳል። እማሆይ ያንኑ ያንተን ጸሎት ይደግማሉ። መካከሉ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ዝም አሉ።

ተነሥቼ ወጣሁ። እንዴት ቤት ደርሼ እንደተመለስሁ አላውቅም፤ ጫማ አልነበረኝም፣ እግሬ እሾህ ይዞ ነው የመጣው። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ እንደለመድሁት ገለበጥሁት። ወልዴ አየኝ።

“እታለም፣ መጽሐፉ እኮ ተዘቅዝቋል” አለኝ፤ ፊደል ባያውቅም ላይና ታቹን ይለያል። ቀጥሎም ያችን የድሮ ቀልዱን አመጣት፤ “ደብተራይቱ፣ በዘቅዛቃው ልትደግሚብን ነው?”

ጆሮዬ ጋለ። ጣቴን ቃሉ ላይ አኑሬ፣ ድምፄን አውጥቼ አነበብሁ። ወልዴ ሁለት መስመር ያህል ሳቀ፤ ከዚያ የእሳት መቆስቆሻውን አስቀመጠ፣ ቆቡንም አወለቀ። እማሆይ እጄን ፈልገው ያዙና “ቀስ በይ፣ ልጄ፤ አትሩጪብኝ፣ ልከተልሽ” አሉኝ። እስከ መጨረሻው አብረን ዘለቅን።

እማሆይ ድነዋል። አሁን በየማለዳው ያስጠሩኛል፤ ስሳሳትም እንደ ተማሪ ይቆጡኛል። ወልዴ አንድ ማለዳ ከእሳቸው ስመለስ ከደጅ ጠብቆኝ፣ መሬት መሬት እያየ፣ “ያን ቀንም ታውቂው ነበር?” ብሎ ጠየቀኝ። አዎን አልሁት። በማግስቱ መቃብርህ ላይ የበቀለውን አረም ነቅሎት አገኘሁ።

ዛሬ ይህን ጽፌ ወዳንተ እመጣለሁ። ፊት ለፊትህ፣ በድሮው በኩል እቀመጣለሁ፤ አንተ በወንበርህ፣ እኔ በቀለሙ ቀንድ በኩል። መጽሐፉን ስዘረጋው ለእኔ የተገለበጠ ነው፤ ወዳንተ ግን ቀጥ ይላል። ከራሱ አልጀምርም። ካቆምህበት ቃል ቀጥዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብልሃለሁ። ነገም፣ እግሬ እስከቻለም፣ ከዚያው እጀምራለሁ።