ለወንዙ ሹም፣ ስለ ኢላሪዮን ጀልባ

ለተከበሩ የወንዝ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም በቢሮዎ መስኮት ሥር ለሚያልፈው ለዳኑብ ወንዝ ጤና እየጸለይኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሳቪና እባላለሁ፤ ከከተማው ትይዩ ካለው መንደር ነኝ። እኔ ደህና ነኝ።

፩. ባለፈው ጸደይ የመሻገሪያ ጀልባችንን አንሥተው መቆሚያውን ለቱሪስት መርከቦች ስለሰጡልን እናመሰግናለን። ከጀርመን ተነሥተው ወደ ጥቁር ባሕር የሚወርዱት እንግዶች እጃቸውን ያውለበልቡልናል፤ እኛም እናውለበልባለን። ከተማው ያለው ሐኪም ቤት ለመድረስ በድልድዩ በኩል ግማሽ ቀን መዞራችንም አገር አሳይቶናል።

፪. በመስከረም አንድ ጠዋት ባለቤቴ ፔትራኬ ደረቱን ይዞ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። የሚያሻግረን ጀልባ እንዲልኩልን ቢሮዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ፣ «እማማ፣ መቆሚያው ለእንግዶች ብቻ ነው፤ አምቡላንሱ በድልድዩ ዞሮ ይመጣልዎታል» አለችኝ። ስለ ትሕትናዋ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎረቤታችን ኢላሪዮን ግን አልጠበቀም፤ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባው ይዞን ወጣ።

መሐል ወንዝ ስንደርስ እርስ በርስ የተያያዙ እህል ጫኝ ጀልባዎች መጡ። ቅድሚያው የእነሱ ነውና ቆምን። ፔትራኬ ራሱን ጉልበቴ ላይ አድርጎ ያያቸው ነበር።

«ዘንድሮ በቆሎው ጥሩ ነው መሰለኝ» አለ።

«ዝም በል፣ ትንፋሽህን ቆጥብ» አለው ኢላሪዮን።

ዝም አለ። የመጨረሻዋ ጀልባ ስታልፍ እጁ ቀዝቅዞ ነበር። ኢላሪዮን፣ «ወዴት ልንዳው?» አለኝ። «ወደ ቤት» አልኩት። ቤት ገብቼ ጠዋት ያጠብኩትን ልብስ አሰጣሁ። አላለቀስኩም፤ እስካሁንም አላለቀስኩም።

፫. በሳምንቱ ሰዎችዎ መጥተው፣ የመርከብ መስመር አቋርጧል ብለው የኢላሪዮንን ጀልባ ወሰዱ። ሕግ አክባሪነትዎ ያስመሰግናል። እሱ አሁን የሚጥልበት ጀልባ ሳይኖረው መረብ ይጠግናል። «ያን ጊዜ ባልቆም ኖሮ…» ይለኛል፤ አይጨርሰውም።

ስለዚህ ጀልባውን እንዲመልሱለት እለምንዎታለሁ። ወንዙ ለመብራት፣ ለእህልና ለእንግዳ እንደሚፈለግ አውቃለሁ፤ አንድ ሰው ለማሻገር የምትሆን ጥቂት ውኃ አትጠፋም ብዬ ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ውኃውን ለሚያዙት እጆችዎ ብርታትን የምመኝ፣

ታዛዥዎ ሳቪና፣ የፔትራኬ ሚስት የነበርኩ

ማሳሰቢያ፦ ይህን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ የጽሕፈት ቤትዎ የአስተያየት ሣጥን ያለው ከወንዙ ማዶ ነው።