የተደፋው ነዶ

ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 3 ቀን

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ካምፑ እንዴት ይዞዎታል? ጤናዎ እንዴት ነው? ወባው ዘንድሮም እንደ አምናው እንዳይጥልዎት አጎበሩን ሰቅለው ይተኛሉ ወይስ እንደ ልማድዎ የዱቄት መሸፈኛ አደረጉት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ወገቧ ተሽሏታል፤ ቁጣዋም አብሮ ተመልሷል። ሙቀቱ እንደሚያውቁት ነው፤ የጎረቤት ፍየሎች በረንዳችንን ወርሰውታል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት የትራክተሩ ሾፌር እንዳለው ነው፣ ውሃ ጭኖ ሲወጣ። እርሻው ላይ ኔትወርክ ባለመኖሩ ዘንድሮ አልከፋኝም። እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ ብጀምረው ሁለታችንም መስመሩ ተቆረጠ ብለን እንዘጋው ነበር። መነጽርዎ ከተሰበረ ወዲህ የሚያነብልዎ የሠራተኞቹ ተቆጣጣሪ ባየልኝ መሆኑን አውቃለሁ። ባየልኝ፣ ሰላም ላንተም ይሁን፤ ጎጆ ውስጥ ገብተህ ቀስ ብለህ አንብብላቸው፣ እየዘለልክም አታንብብ።

አባቴ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የቆላ ልጆች ማኅበር እንዳለንና እኔም የንብረትና ሽያጭ ኃላፊ ሆኜ እንደተመረጥኩ ነግሬዎት ነበር። የምን ንብረት ብለው ስቀውብኛል። ንብረቱ ካናቴራና ኮፍያ ነው። በየዓመቱ የማኅበራት ቀን የሚባል አለ፤ እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ ምልክት ያሳተመውን ለብሶ ይሰለፋል፣ ለሌላውም ይሸጣል፣ በሽያጩም አዳዲስ ተማሪዎቹን ይቀበልበታል። አምና ምንም ያልነበረን እኛ ብቻ ነበርን። በየልብሳችን ተደርድረን ስንቆም ከማዶ አንዱ ሳሉጎቹ መጡ አለ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ።

እዚህ አገር ከደጋ ለአጨዳ የወረደውን ሁሉ ሳሉግ ስንለው ምንም አይመስለንም። እኔም እያልኩ ነው ያደግኩት። ወደ እኔ ሲዞር ግን አመመኝ። ከእኛ ልጆች ግማሹ የለም፣ እኛ ባለመሬት ነን፣ እኛ የነጋዴ ልጆች ነን እያለ ሊያስረዳ ሄደ፤ ማስረዳቱ ከስድቡ ይልቅ አሳፈረኝ። ያን ቀን ለራሴ ቃል ገባሁ። በሚቀጥለው ዓመት ካናቴራ ለብሰን እንቆማለን፣ ሳሉግ የሚለውንም ራሳችን ደረታችን ላይ እንጽፈዋለን፣ ከዚያ በኋላ የሚስቅ ካለ ይሳቅ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ አንዱዓለም ስድብ ገዝቼ አልለብስም አለ። ክረምቱን ሙሉ ተከራከርን። በመጨረሻ ከአባላቱ በተዋጣው ገንዘብ ስልሳ ካናቴራ በሰሊጥ ነዶ ሥዕል ብቻ አሳትሜ እዚሁ እንድሸጥ፣ ከተሸጠልኝ ስለ ቃሉ እንድንነጋገር ተስማማን።

ሥዕሉን የሠራው መናኸሪያው አጠገብ ማስታወቂያ የሚጽፈው አዛናው ነው። ከጎንደር ከተማ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ሥዕሉን በስልኬ ላከልኝ፤ አየሁትና ያምራል፣ አትመው አልኩት። ስልሳውም ታተመ።

ቅዳሜ ሠራተኛው ከየካምፑ ለገበያ ሲገባ መናኸሪያው በር ላይ ዘርግቼ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣችው ፈንቴ የምትባል ከጎጃም የወረደች አጫጅ ነች። ካናቴራውን አንሥታ አየችው፣ ራቅ አድርጋም አየችው። ኧረ እቴ፣ ይኸ ሰሊጥ ተደፍቶ የለም እንዴ፣ ፍሬው እኮ መሬት በላው፣ አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ ነዶው አፉ ወደ ታች ነው። ለካ ሰሊጥ ሲደርቅ የፍሬው ከረጢት አፉን ወደ ላይ ይከፍታል፤ ነዶው ተደጋግፎ ካልቆመ ዓመት የተለፋበት በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። በመተማ ምድር ይህን የማናውቅ እኔና አዛናው ብቻ ነበርን። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሰምተው ኖሮ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሜ ደፊዋ ሆነ። ያን ቀን የሸጥኩት ሁለት ነው፤ ሁለቱንም የገዙኝ የአዛናው ዘመዶች ናቸው።

አልወቅስዎትም ብዬ ነበር፤ ትንሽ ግን ልውቀስዎ። የሰሊጥ አገር ልጅ ሆኜ ሰሊጥ የማውቀው በጆንያ ነው። አንድ ቀን አጨዳ ልይ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩዎት። ደብተርሽን ያዢ፣ እዚያ ያንቺ ቦታ አይደለም እያሉ ከኮኪት ከተማ ወዲያ አላሳለፉኝም። ሌላው አባት ልጁን ለምሳ ማድረሻ እንኳ ይወስዳል። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ተቀየምኩዎት።

አንዱዓለም የሰውን መዋጮ ከሰሊጡ ጋር ደፋሽው፣ ሌላ ኃላፊ እንምረጥ አለ። እስከ ኅዳር ጊዜ ስጡኝ አልኩ። ሰጡኝ፤ ግን ፊታቸውን አይቼዋለሁ። ቤት ገብቼ ካናቴራዎቹን አልጋ ላይ ከምሬ ስመለከት እርስዎ ለናፍጣ ከእርሻ መጡ።

ልደብቀው ስል ከእጄ ወሰዱት። እንደሌላው ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ አልሳቁም። ይኸ እኮ ስሕተት አይደለም፣ ማራገፍ ነው፣ ሸራውን ሳታነጥፊ ቀርተሽ ነው እንጂ፣ አሉኝ። ነዶ የሚደፋው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ እሱም ሸራ ላይ ነው አሉ። ከዚያ ካናቴራውን ጠቅልለው በግራ ክንድዎ አቀፉት። ጎንበስ ብለው አፉን ወደ ታች አደረጉት፣ በቀኝ እጅዎ መታ መታ አደረጉት፣ ብናኙ ዓይንዎ እንዳይገባ ፊትዎን ከነፋሱ መለሱ። እቤት ውስጥ ነፋስ አልነበረም። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። እንደዚያ ቀን ቀልጠፍ ብለው አይቼዎት አላውቅም። እጅጌዎ እስከ ክርንዎ ተሰብስቦ ነበር፤ ያየሁትን ግን ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

እናቴ ስትገባ ካናቴራውን አስቀመጡና እጅጌዎን ወደ ታች ሳቡ። ማንም ሳይጠይቅዎ፣ ሠራተኞቹ ሲያደርጉ አይቼ ነው አሉ። ጀሪካኑን ይዘው ምሳ እንኳ ሳይበሉ ወጡ። እኔም እውነት ነው፣ ሰው እያየ ብዙ ይማራል ብዬ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ አዛናው ዘንድ ሄድኩ። ከነዶው ሥር ሸራ አስነጠፍኩ፣ ከነዶው አፍ እስከ ሸራው ድረስ ፍሬው ሲወርድ በነጭ ነጠብጣብ አስደረግኩ። ያልተሸጡት ሁሉ እንደገና ማተሚያው ላይ ወጡ። ቅዳሜ እዚያው በር ላይ፣ ደፊዋ በተባልኩበት ቦታ ቆምኩ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሊያሾፉ መጥተው ገዝተው ሄዱ። ጥቂቱን መተማ ዮሐንስ ወስጄ ከጉምሩኩ ፊት ለፊት ለተሰለፉት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሸጥኩ። ከሁሉ ይልቅ የገዙኝ ግን አጫጆቹ ናቸው። ፈንቴም ተመልሳ መጣች። አገሬ ስገባ የት ከርመሽ ነው ሲሉኝ ይኸን አሳያለሁ አለችኝ።

ልትለካው የሹራቧን እጅጌ ስትሰበስብ ግራ ክንዷን አየሁ። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ትንንሽ ጠባሳ ተደርድሮበታል። ምንድን ነው አልኳት። ማጭድ ነዋ፣ ግራ እጅ ይይዛል፣ ቀኙ ያጭዳል፣ ፀሐይ ሲበረታ ማጭዱ አገዳና ክንድ መለየት ያቅተዋል፣ አለችኝ። ሳሉግ ስሙን ቢለውጥ አገሩን ቢለውጥ በግራ ክንዱ ታውቂዋለሽ አለችና ሳቀች። መልሷን ስሰጣት ሁለት ጊዜ ቆጠራ ተሳሳትኩ። ገና ልጅ ነሽ፣ ገበያውን ትለምጅዋለሽ ብላ አጽናናችኝ።

ስልሳው አልቋል። ለማኅበራት ቀን ሦስት መቶ እንድናሳትም ተወስኗል፤ አሁን የቀረው ቃሉ ነው። አንዱዓለምም ዘንድሮ አንድ ቁም ነገር ተናገረ። ስድብ ስለሆነ አይደለም አሁን የምቃወመው አለ። እኛ የባለመሬትና የነጋዴ ልጆች ነን፤ እነሱ ደማቸውን ያፈሰሱበትን ስም እኛ ደረታችን ላይ ለጥፈን ብንሸጠው ነውር ነው። ከመካከላችን አንድ የሳሉግ ልጅ ካለ ግን ተነሥቶ ስሙ የእኔ ነው፣ ፈቅጃለሁ ይበል፤ የዚያኑ ዕለት ይታተማል፣ አለ። ሁላችንም ተያየን። ማንም እጁን አላወጣም። እኔም አላወጣሁም።

ዝም ያልኩት ፈርቼ እንዳይመስልዎት። የሰው ነገር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይወጣም ብዬ ነው። የእናቴን አባት፣ አያቴን አስታወስኩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፤ ልጄን ለሳሉግ አልሰጥም ብዬ ለነጋዴ ዳርኳት እያሉ እንደኮሩ ነው የሞቱት። ደግ ሰው ነበሩ፤ በዚህ ግን ተሳስተዋል። ቢያውቁም ኖሮ የሚያጡት ነገር አልነበረም። ለእኔ በጆንያ ሙሉ ሰሊጥ የሸጠ አባት ትልቅ ነው። ጆንያው ባዶ ሳለ በክንዱ የሞላው ግን ይበልጥብኛል። ይህን አንዱዓለም ፊት ቆሜ መናገር እፈልጋለሁ። እናገራለሁም፣ የሚፈቅድልኝ ካለ።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ በወጣቶች አዳራሽ ነው። ያን ቀን ይወሰናል፤ ማክሰኞ አዛናው ማተም ይጀምራል፣ ኅዳር መጨረሻ ወደ ግቢ እንሄዳለን።

ከደብዳቤው ጋር በፌስታል የተጠቀለለ አለ። ባየልኝ፣ እሱን አትፍታው፣ የእሳቸው ነው። አባቴ፣ አንድ ካናቴራ ነው፤ ከስልሳው ለእርስዎ ያስቀረሁት። አዛናው ለትልቅ ሰው ከሆነ ረጅም እጅጌ ያለው አለኝ ብሎ አውጥቶልኝ ነበር። የለም፣ አጭር እጅጌው ይሁን አልኩት። በሚያዝያ ሙቀት እንኳ ሸሚዝዎን እስከ አንጓዎ ቆልፈው እንደሚውሉ፣ ፀሐይ አይስማማኝም እንደሚሉ አውቃለሁ። አሁን ኅዳር ነው፤ ፀሐዩ እንደ ሚያዝያ አይደለም። ያጠፈችውና የጠቀለለችው እናቴ ነች። እጅጌውን አየችው፣ በመዳፏ ደጋግማ አለሰለሰችው፣ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም፤ የሚነገራት ያለም አልመሰለኝ።

እሑድ ናፍጣ ሊወስዱ መምጣትዎ አይቀርም። በሸሚዝዎ ከመጡ ቅር አይለኝም፤ አባቴ ነዎት፣ ምሳ አብረን በልተን ይመለሳሉ፣ ነዶው ያለ ቃል ይታተማል፣ እኔም ሦስት መቶውን ሸጬ እገባለሁ። ካናቴራውን ለብሰው ከመጡ ግን ቤት አይግቡ፤ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ይምጡ። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እጄን ከማውጣቴ በፊት ክንድዎን ማየት እፈልጋለሁ።

ሸራዎ ሙሉ ይሁን፣ ነፋሱ ይራራልዎ፣ ከእባብና ከወባ መድኃኔዓለም ይሰውርዎ። ለአራጋፊዎቹ ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ፤ በየስማቸው።

ደፊዋ ልጅዎ