ግጥሜን አላነሳም

ሰኞ

ሟርተኛ ተብያለሁ። በይፋ፣ በሽማግሌ አፍ።

መሪጌታ ጥበቡ ከሞጣ ተመለሱ። የላክኋቸው ስንዱን ለጋብቻ እንዲጠይቁልኝ ነበር። ሽማግሌ የላከ ሰው ከሁለት አንዱን ይጠብቃል፤ እሺን ወይም እምቢን። ለእኔ ሦስተኛ ዓይነት መጣልኝ።

«ወንድሟ አለኸኝ፣ 'እህቴን አልከለክልም' ብሏል» አሉ መሪጌታ፣ ጋቢያቸው ላይ የወረደውን የመንገድ አቧራ እያራገፉ። «ግን መጀመሪያ ያንን ግጥም ያንሳልኝ ብሏል።»

«ከየት ነው የማነሳው?»

«ከፎቁ ላይ።»

ግጥሙ የተነበበው ገንዘብ እንደ ውሃ በሚፈስበት ዘመን ነው። ያኔ ሞጣ ላይ መሬት ያልገዛ ሰው ሐኪም የከለከለው ይመስል ነበር። እህል ነጋዴው አለኸኝ ሆቴል ጀመረ። የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ የኮንክሪቱ ወለል፣ የተሞላ ዕለት በግ ታረደ፣ እኔም ግጥም እንዳነብ ከቢቸና ተጠራሁ፣ ማይክ ሰጡኝ። ስንዱ ከሴቶቹ መሀል ቆማለች። አየኋትና ይህን አልኩ፦

ዓባይ ይምጣ ሞልቶ፥ ገደሉንም ዘልሎ፥
ገበያውን ይውሰድ በአንሶላ ጠቅልሎ፤
ከተማውም ይስመጥ፥ ፎቁም ገብቶ ይዋኝ፥
ጣሪያው ላይ ወጥቼ አንቺው ካለሽልኝ።

ተጨበጨበ። አለኸኝ ራሱ ግንባሬ ላይ ብር ለጠፈልኝ። ከዚያ ስሚንቶ ሰማይ ነካ። ብሩ ረከሰ። ባንኩ እጁን ሰበሰበ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ገበያው ቀዘቀዘ። ፎቁም የፌሮ ብረቱን እንዳቆመ፣ ፀጉሩ በድንጋጤ እንደቆመ ሰው፣ እዚያው ቀረ።

የአገር ኢኮኖሚ ለምን እንደተንገዳገደ ምሁራን እየተመራመሩ ነው። አለኸኝ ግን ምርምሩን ጨርሷል። ምክንያቱ እኔ ነኝ።

እሑድ ሕንፃው ፊት ቆሜ «ግጥሜን አንስቻለሁ» ልል ነው። በምትኩ ምርቃት ላነብ። ከዚያ ስንዱን አገኛለሁ።

መሪጌታ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ልጄ፣ ዓባይ እኮ ከዚያ ሁሉ ገደል በታች ነው። ሞጣ እንዲደርስ መሰላል ያስፈልገዋል። ምነው ቀረብ ያለ ወንዝ ብትጠራ ኖሮ?»

ማክሰኞ

ምርቃቱን ሞከርኩት፦

ስሚንቶው ይርከስ፥ ፌሮው ይብዛልህ፥
ባንኩም ይዘንጋህ፥ ፎቅህ ይለቅልህ።

ሦስተኛው ስንኝ እምቢ አለኝ። ደግነቱ።

የተማሪዎቼን ድርሰት ሳርም ዋልኩ። በደጉ ዘመን የአሥራ አንደኛ ክፍል የፍቅር ግጥም ሁሉ እሳተ ገሞራ ነበር። ምድር ትሰነጠቃለች፣ ሰማይ ይወድቃል፣ ገጣሚው ከፍርስራሽ ሥር ስሟን ይጠራል። ልጁ ግን ቁርሱን በልቶ ነው የመጣው። ዘንድሮ እሳተ ገሞራ አንድም የለም። አንዷ ልጅ ለፍቅረኛዋ የጻፈችለት «ሥራ አገኘህ ወይ?» ብላ ነው። ሌላው ያፈቀራትን ከአንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ ጋር አወዳድሯት፣ መጨረሻ ላይ እሷን መርጧል። እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

ሰው ጥፋትን የሚያፈቅረው ሲጠግብ ነው ማለት ነው። ጥፋቱ ራሱ ሲመጣ ስለ ጤፍ ይጽፋል።

እኔም ያኔ ጠግቤ ነበር? አይመስለኝም። የመምህር ደመወዝ ለጥጋብ አያበቃም። እኔ ያንን ግጥም የጻፍኩት ከተማው ሁሉ ስለ ቦታ ካርታ ሲያወራ፣ የማላወራው ነገር በማጣቴ ነው።

ሐሙስ

ኔትወርክ ተመለሰ። ስንዱ ደወለች። ሰላምታ የለም።

«አነሳለሁ እንዳትል።»

«ካላነሳሁ ወንድምሽ እሺ አይልም።»

«ካነሳኸው እኔ እሺ አልልም። ያኔ ላግባሽ ስትለኝ እምቢ ያልኩህ ግጥሙን ጠልቼ መሰለህ? ዘመዱ ሁሉ 'መምህር ምን ሊያበላት ነው' ብሎ ሲስቅ አብሬ ስቄ ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነገር ያ ግጥም ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የተሠራው ለኪራይ ነው።»

«እንግዲያው ያለ እሱ እሺታ ነይ።»

«አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። እሱን አስቀይሜ አልወጣም። አንተ መምህር አይደለህ? ዘዴ ፈልግ።»

ዘጋችው። ስንዱ የክርና የጥልፍ ሱቅ አላት፤ የተወሳሰበ ክር ታውቃለች። እኔ አላውቅም።

መሪጌታን አማከርኩ። «ሁለቱንም አንብብ፤ ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለእሷ» አሉኝ። ሽማግሌ ሲጨንቀው እንደ ዳቦ እኩል ይቆርሳል።

ቅዳሜ

ሞጣ ገባን፣ እኔና መሪጌታ። በደብረ ወርቅ በኩል መንገዱ ሰላም ነበር፤ ዝናቡ ግን ከእኛ ጋር ተሳፍሮ መጣ።

ሆቴሉ ከሩቅ ይታያል። ምድር ቤቱ ውስጥ አለኸኝ የእህል ሚዛኑን አቁሞ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። ሁለት ፍየሎች እንግዳ መቀበያው ላይ ዝናብ ተጠልለዋል። እስካሁን ያረፉበት እንግዶች እነሱ ናቸው።

ስገባ ከአንድ መንገደኛ ጋር እያወራ ነበር። አላየኝም።

«ይሄን ሕንፃ ሳያልቅ ያስቆመው ብር ማጣት እንዳይመስልህ» ይለዋል። «ግጥም ነው። አንድ የቢቸና መምህር፣ ቅኔ ቤት ያደገ፣ አፉ እንደ እሳት የሚፋጅ፣ ዓባይን ጠራብኝ። እዚሁ ቆሞ!»

«በግጥም?» አለ ሰውዬው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ፎቁን እያየ።

«በአራት መስመር!»

የተናገረው በኩራት ነው። ወገቡ ቀና ብሎ ነበር። ቆሜ አየሁት። ከእሱ ጋር የጀመሩ ሌሎች ነጋዴዎች አሉ። አንዱ ከተማውን ለቋል። ሌላው ሰው እንዳያየው በጓሮ በር ይወጣል። ሲጠየቁ የሚመልሱት የላቸውም። አለኸኝ ግን መልስ አለው። እንዲያውም እሱ ብቻ ነው ተረት ያለው።

ዞር ሲል አየኝና ፊቱን አጠቆረ። «መጣህ፣ መምህር? ነገ ታነሳልኛለህ።»

«ነገ እናያለን።»

ምርቃቷን ከኪሴ አውጥቼ ቀደድኳት። አንዷ ፍየል አንድ ስንኝ በላች። የመጀመሪያዋ አንባቢ።

እሑድ

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ድሮ የሠሩት ግንበኞችም መጡ። ዳቦ ተቆረሰ። ጾም ስለሆነ በግ የለም፤ ጾም ባይሆንም አይኖርም ነበር። ስንዱ ያኔ በቆመችበት ቦታ ቆማለች።

ተነሳሁ። «አላነሳም» አልኩ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አለኸኝ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ምን አልክ?»

«ወንድሜ አለኸኝ፣ ዛሬ ባነሳልህ ነገ ፎቁ ያድጋል? ባያድግስ ማንን ትወቅሳለህ? ስሚንቶውን ያስወደደውን ሰው ቤቱን አታውቀውም። ብሩን ያረከሰው ስልክ አያነሳልህም። የእኔን ቤት ታውቃለህ፤ ቢቸና ነኝ፣ ስትደውል አነሳለሁ። ሟርተኛ ልታጣ ነው እኮ! ግጥሙን አልነጥቅህም።»

ከዚያ አራቱንም ስንኝ ደግሜ አነበብኩ። ያለ ማይክ፣ ከያኔው ጮክ ብዬ።

ሰው ሁሉ ወደ አለኸኝ ዞረ። ፍየሏ እንኳ።

አንዱ ግንበኛ ከኋላ፦ «ጋሼ አለኸኝ፣ ደገመው እኮ! ግን አሁን ምን ቀርቶ ነው የሚያፈርሰው?»

ሳቅ ፈነዳ። አለኸኝ አልሳቀም። መጣና ፊቴ ቆመ። ከቅርብ ሳየው አርጅቷል፤ እሱም ስለ እኔ እንደዚያው እያሰበ ይሆናል።

«ዓባይ ይምጣ የምትለው አንተ» አለኝ፣ «ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ዋና ለማይችል ሰው ነው እህቴን የምሰጠው?» ይህን ሲል ከንፈሩ ከዳው። ዘግይቶ ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ። «ከጾሙ በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

እንነጋገራለን። እሺም አይደል፣ እምቢም አይደል።

ሰው ሲበተን ስንዱ እጄን ይዛ ወደ ደረጃው ጎተተችኝ። ወደ ላይ ወጣን፣ እስከ ሦስተኛው። የሌሊቱ ዝናብ ሶሌታው ላይ ተጠራቅሞ ሐይቅ ሠርቷል። ፌሮዎቹ እንደ ደንገል ቆመውበታል።

«ይኸው ጎርፍህ» አለች።

«እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።»

«ለመጀመሪያ ይበቃል።» ጫማዋን አውልቃ ገባችበት። እኔም ገባሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ላይ ሆኖ ሲታይ ከተማው አልሰመጠም። ቆርቆሮው እርጥብ ነው፣ ሰው ይሄዳል፣ ባጃጅ ይጮኻል።

ከታች የአለኸኝ ድምፅ መጣ። «እናንተ! ወደ ጫፉ አትጠጉ፣ መከታ አልተሠራለትም!»

እኔ እንደ እሺታ ቆጥሬዋለሁ። መሪጌታ ምን እንደሚሉ ነገ መንገድ ላይ እጠይቃቸዋለሁ።