ተራችን ያልነበረው ጽዋ

ጥቅምት 12

ባሌ ዛሬ ከሚካኤል ማኅበር ጽዋውን ታቅፎ ገባ። ኅዳርን እኛ ልንደግስ ነው ማለት ነው። የእኛ ተራ ገና ግንቦት ነበር! የኅዳሩ ባለተራ ታመመና የነፍስ አባታችን "ማን ያነሣዋል?" ቢሉ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ የእኔው ጀግና ብድግ አለ። ያውም ዓመታዊውን ሚካኤል! እሱ እንደ ሌላው ወር በዳቦና በጠላ አይታለፍም።

ዘንዘልማ የምናሠራት ቤታችን የቀራት በር ብቻ ነው። በሯ ገብቶላት ከኪራይ እንድንወጣ ብዬ ስንት ወር ወጥ ያለ ቅቤ ሠራሁ፣ ባጃጅ ትቼ ገበያ በእግሬ ተመላለስሁ። አሁን በሩ ጠላ ሊሆን ነው።

"ሚካኤል ያውቃል" ይለኛል ደግሞ።

"ሚካኤል ጌሾ አይገዛልህም! ነገ በጠዋት ወስደህ ለአባ መልስ!" ብዬ ጮኽሁበት።

ይህን ስል አባ ራሳቸው ደወሉ። እንደማንችል ልነግራቸው ስልኩን ከእጁ ነጠቅሁት። አፌን ሳልከፍት፣ "ልጄ፣ እንዳከበራችሁት ያክብራችሁ። በቤትሽ በረከት ይግባ" አሉኝ።

"አሜን፣ አባ" አልሁ።

ባሌ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ይግባ እንግዲህ። በር እንደሆነ የለን፤ ምን ያግደዋል?