ከስንት ልጅ?

እንደ እናት ላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ይድረስ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት እሺ አለሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ከአምናው ኦፕሬሽን ወዲህ ወገቤም አርፎልኛል። ያኔ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ስተኛ፣ በስልክ እያለቀስሽ «ልምጣ» ስትዪኝ «ሰው አለኝ፣ አትምጪ» ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? እውነትም ሰው ነበረኝ።

ያለፈው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ያቺ ሰነፍ ልጄ ብትደውል አላነሳላትም፤ አንቺ ቤት አስቀምጬ፣ አንቺ በምትመሪው ትምህርት ቤት አስተምሬ፣ ወድቃ አዋረደችኝ» ብለሻል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እትዬ፣ ልጅሽ አልወደቀችም። አልተፈተነችም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

አትቅደጂው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ካቻምና ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ከእንግዲህ ትምህርት ቤቱ ራሱን በራሱ ያስተዳድር፤ መምህር መቅጠሩን፣ ፕሮግራም ማውጣቱን፣ ማን ለመልቀቂያ ፈተና እንደሚቀርብ መወሰኑንም ለእናንተ ትተናል ይላል። ደስታዬን አትጠይቂኝ! አንድ የተሰበረ መስኮት ለማስጠገን ሦስት ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። መልካምም ሠራንበት። ለዓመታት ተቆልፎ የኖረውን ቤተ ሙከራ ከፈትን፣ ለደከሙት የቅዳሜ ትምህርት ጀመርን፣ ልጆቹም በእርግጥ ተሻሻሉ። ግን የመጣው እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስንት በመቶ አሳለፋችሁ?» ይሄኔ ደንብ አወጣን። በሞዴል ፈተና ከሃምሳ በታች ያመጣና ከሃያ ቀን በላይ ያለ ምክንያት የቀረ ተማሪ አይመዘገብም። የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።

ዝርዝሩ ሲቀርብ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ነበሩበት። የልጅሽ ስም አሥራ አንደኛው ላይ ነው፤ አርባ ስምንት ነጥብ፣ ሃያ ሦስት ቀን ቀሪ። ተማሪዎቹ «ግማሽ ነጥብ» የሚሉት የሒሳብ መምህራችን፣ ለገዛ እናቱም ግማሽ ነጥብ የማይጨምረው ሰውዬ፣ መነጽሩን አውልቆ «ይቺ ልጅ ምክንያት የላትም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስብሰባው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እህቴ፣ ይሉኝታ ያዘኝ። ለእህቷ ልጅ ሲሆን ደንቡ ላላ እንዳይሉኝ ፈራሁ። «የላትም» አልኩና ፈረምኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ቤት ገብቼ ስነግራት አላለቀሰችም። «እማዬና አንቺ እንዳትጣሉብኝ፣ ውጤት ሲወጣ ወደቅሁ እላታለሁ» አለችኝ። እኔም ጉዴን ሸፍኜ ዝም አልኩ። በሳምንቱ ልብሷን ይዛ ወጣች፤ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ማተሚያ ቤት ተቀጠረች።

ባለፈው ማክሰኞ የውጤታችንን ባነር ላሳትም ገባሁ። ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። «ምን ብዬ ልጻፍ፣ አክስቴ?» አለችኝ። ዘጠና አራት በመቶ አሳልፈናል በይ አልኳት። በትልልቁ ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ «ከስንት ልጅ?» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ ተርፏት ነው። ይህን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ባነሩን ሳላሳትም ወጣሁ። ደንቡን ሽሬዋለሁ፤ አሥራ ዘጠኙንም በየቤታቸው እየዞርኩ ፈለግኋቸው። አሥራ ሦስቱ ለዘንድሮ ተመዝግበዋል። አራቱ ከተማውን ለቀዋል፣ አንዷ አግብታ ሄዳለች። የቀረችው ያንቺ ልጅ ናት። ለመንኳት። «እማዬ ስልኬን ሳታነሳ በምን ልቤ ላጥና?» አለችኝ። ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል።

እኔን ተቀየሚኝ፤ ይገባኛል። ለእሷ ግን ይህ እንደደረሰሽ ደውይላት።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ከልጅሽ ሳትታረቂ አይምሽብሽ። እኔንም እስኪወጣልሽ የምትቆጪበት ዕድሜ ይስጥሽ።

በደለኛዋ ታናሽሽ

ልጽፈው ያልቻልኩት አንድ ነገር ቀርቷል። ስትደውይላት፣ እነዚያን ሃያ ሦስት ቀን የት እንደነበረች ጠይቂያት።